ማንም አልገባም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ዛሬ ሳጥኑ መጣ። ከማይክሮዌቭ አይበልጥም፤ አራት ወንዶች ተሸክመውት እስከ ጣሪያው ክፍል ወጡ። "ቀስ! ቀስ!" እያለ ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ ከኋላቸው ሲከተል ላየው ሚስቱ ምጥ የያዛት ይመስላል። ሚስቱ ልጃቸውን አዙዝን ስታምጥ ግን እሱ ጀርመን አገር ስብሰባ ላይ ነበር፤ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ።

ዶክተር ስል ሰው የሚያክም እንዳይመስል። ዶክተር ሙሳዒድ የሰማይ ዶክተር ነው። በፊቱ "ዶክተር" እለዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አንቱታ የለም፤ ደብተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ተማሪው የሆነችው ሀና ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ገብታ አስረዳችኝ። ሳውዲ ናት፤ ግን "ኻላ ሰዓዲያ" ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት፤ ብርጭቆዋንም ራሷ ታጥባለች። ሩቅ ያሉ ከዋክብት ሲሞቱ ወይም ሲጋጩ ጋማ የሚባል ጨረር ይረጫሉ አለች፤ ሁለት ሴኮንድ፣ አንዳንዴ ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ድርግም። ዓይን አያየውም። ሳጥኑ አምስት ፊት አለው፤ በየትኛው ፊቱ በኩል አብልጦ እንደመታው አይተው ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። በሚመጣው ዓመት በሳተላይት ይወጣል። እስከዚያ እዚህ ይፈተናል፣ የመሥሪያ ቤታቸው ግቢ ጨረር ባላቸው ዕቃዎች ስለተበከለ። "እዚህ ቤት ንጹህ ነው" አለች።

"የከዋክብቱ ጨረር ጣሪያችን ድረስ ይመጣል እንዴ?"

"አይመጣም ኻላ። አየሩ ይውጠዋል። ነጎድጓድ ያለው ደመና ግን አንዳንዴ ጋማ ይለቃል፤ ዶክተሩ እሱን ይጠብቃል።"

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ሁለት ሴኮንድ የሚቆይ ብልጭታ ከሰማይ ፈልጎ የሚያገኘው። ጠዋት ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ የማገኝለት እኔ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተቀምጦ "ሰዓዲያ፣ መነጽሬ!" የሚለኝ እሱ።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሚያዝያ 30 ይቃጠላል። ላሳድስልሽ ካለኝ ሁለት ወር ሆነው። "ኢንሻአላህ" ይላል፣ ስልኩን እያየ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የምፈልገው። ልጄ ጀሚላ ደሴ ላይ ነርስነቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀራት። ከዚያ በኋላ ሳጥናቸውን ይዘው ወደፈለጉበት ይሂዱ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ማዳም ኑራ፣ የዶክተሩ ሚስት፣ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "ከስታለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሷም ረዝሟል። የታመመች እንደሆነ ኢቃማዋን አላሳድስም፤ ኸሩጅ መትቼ አዲስ አስመጣለሁ።" ኸሩጅ ማለት የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ወደ አገርሽ ሂጂ፣ አትመለሺ።

የሚንቀጠቀጠው እጄ የሚያጥበው የእሷን ሳህን ነው። ሰብሬ አላውቅም። አንዴ ብቻ። እሱም ራሱ ስንጥቅ ነበረው።

አርብ፣ ሚያዝያ 3

የዕረፍት ቀኔ። ሙሀባው ሱወይዲ ሰፈር ገበያው ጋ አወረደኝ። ሙሀባው የቤቱ ሹፌር ነው፣ የባሕር ዳር ልጅ፣ አፉ አያርፍም። "እትዬ፣ ዛሬ ለማን ነው የተዋበሽው?" አለኝ። "ለእናትህ" አልኩት።

ገበያ አልሄድኩም። ጓደኛዬ ፍቅርተ የምታጸዳበት የግል ሆስፒታል ሄድኩ። ፍቅርተ መንሱራ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ክርስቲያን ናት፤ ከእኔ በላይ "ወላሂ" ትላለች። ሁለት ወር ሙሉ ወረቀቴን እያሯሯጠች ያስመረመረችኝ እሷ ናት። አንገቴ ውስጥ ያለችው እጢ ከልክ በላይ እየሠራች ነው አለ ሐኪሙ። ልቤን የምታስሮጠው፣ የምታከሳኝ፣ የምታናድደኝ እሷ ናት አለ። በዚያ ቤት ከልክ በላይ የማይሠራው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እጢዬም እዚያው ለመደች።

መድኃኒቱ አንዲት እንክብል ናት። ከከባድ የብረት ዕቃ ውስጥ በመቆንጠጫ አወጣት የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ፣ ጓንት ለብሶ። በብርጭቆ አቀበለኝና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

"ምነው ሸሸህ?"

"ጨረር አላት ሃጃ። እጢውን ታደክማለች።"

እሱ በእጁ የማይነካውን እኔ ልውጥ! ዋጥኩ።

ወረቀቱን ፍቅርተ አነበበችልኝ። ሽንት ቤት ለብቻሽ፣ ልብስሽን ለብቻሽ እጠቢ፣ ምግብ በጓንት ሥሪ፣ ሰው አጠገብ ብዙ አትቀመጪ፣ ሦስት ሳምንት ሕፃን ልጅ እንዳታቅፊ።

"ሰዓድዬ፣ ያንን ልጅ ምን ልታደርጊው ነው?"

"የራሱ እናት ትቀፈው። እጅ የላትም?"

"ለማዳም አትነግሪያትም?"

"ነግሬያትስ? በሳምንቱ ኤርፖርት ነኝ።"

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ወገቤን አልኩ። ጎንበስ ማለት አልችልም፣ አዙዝን ማንሳት አልችልም፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ግን እችላለሁ። ማዳም ዓይኗን አጉረጠረጠች። ልጇ ክብደት እንዳለው በስምንት ወሩ ዛሬ አወቀች። ግማሽ ሰዓት ይዛው "ኦፍ" አለች፣ እንደ ሲሚንቶ ጆንያ።

ወጥ ቤት ጓንት ማድረጌን ስታይ ግን ደስ አላት። "በመጨረሻ ንጽህና ተማርሽ!" አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስትበላ ነበር?

ከልጁ ለመራቅ ከነገ ጀምሮ የጣሪያውን ክፍል ሻይ እኔ ላመላልስ አልኩ። እስከ ዛሬ ሙሀባው ነበር የሚያደርሰው። "ወገብሽ ደረጃ ይችላል፣ ልጅ አይችልም?" አለኝ ቀስ ብሎ። ይሄ ልጅ ጅል አይደለም።

አዙዝ ከታች በስተግራ አዲስ ጥርስ አውጥቷል። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። እሪ ብሎ ያለቅሳል። ምን አገባኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በምዕራብ በኩል አቧራ ያዘለ ደመና፣ ከሩቅ ጉርምርምታ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሻዩን ይዤ ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ዶክተሩ፣ ሀና፣ ሁለት ወንድ ተማሪዎች። ሳጥኑ መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በሩ ጋ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሻይ መቅዳት ጀመርኩ።

አንዱ ተማሪ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ዝቅ ያለ መስመር ተነስቶ ጣሪያ ነካ። ዶክተሩ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። "ደመናው! ደመናው ነው! አቅጣጫውን!" ሀና ቁልፎቹን ተጫነች። "ምዕራብ። በጣም ዝቅ ያለ።" ምዕራብ ማለት በሩ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ከበሩ ውጭ ደመናው። ከደመናው ወዲህ እኔ፣ ከነማንቆርቆሪያዬ።

"አላሁ አክበር" ይላል ዶክተሩ፣ በእኔ አናት ላይ አሻግሮ እያየ። ስኳር ስንት ልጨምር ብዬ ብጠይቀው የሚሰማኝ የለም። ሁለት ጨመርኩለትና ወረድኩ። ልክ ስወርድ "ጠፋ!" ሲሉ ሰማሁ።

ማታ ለዓለም ሳይንቲስቶች ሁሉ ማስታወቂያ ላከ። ከሪያድ ደመና ጋማ ያዝኩ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቅጣጫ ብሎ።

እኔ ደግሞ ሳህን ሳጥብ ቆም አልኩ። ያ የሆስፒታሉ ሰውዬ ሁለት እርምጃ መሸሹ ትዝ አለኝ። ኤጭ፣ ተይው። ደመና ነው ካሉ ደመና ነው፤ የተማሩት እነሱ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሻይ አደረስኩ። መስመሩ ተነሳ። "አቧራው ነው" አለ ዶክተሩ። አቧራ የለም። ልቤ ዛሬ እንደ ጀነሬተር ነው የሚመታው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ቀልዱ ባሰ። ደመናውም አቧራውም አላስኬድ ሲለው ዶክተሩ በምዕራብ በኩል ያለውን ጎረቤት ጠረጠረ። ጎረቤቱ የጥርስ ሐኪም ነው። ቤትህ ውስጥ የራጅ ማሽን ደብቀሃል ብሎ ሊጠይቀው ሄደ። ሙሀባው አብሮት ነበርና ወጥ ቤት መጥቶ በሳቅ እየተንፈራፈረ ነገረኝ።

"ሰውየው በፒጃማ ወጣ እትዬ። ዶክተሩ 'በየቀኑ ዐስር ሶላት አካባቢ ምን ታደርጋለህ?' ይለዋል። 'እተኛለሁ' ይላል ሰውየው። 'ተኝተህ ምን ታበራለህ?'"

"አብደዋል!"

"ከዚያ ቤቱን በሙሉ አስፈተሸው። ያገኙት ራጅ የሚመስል ነገር የሚስትየው የፀጉር ካስክ ነው።"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ሙሀባው አየኝ። "እትዬ፣ ምን ሆንሽ?" ሽንኩርት ነው አልኩት። ሽንኩርት አልከተፍኩም ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ይሄንን በደንብ ልጻፈው።

ሻዩን እየቀዳሁ ነው። ዶክተሩ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ተማሪዎቹን ይጠይቃል። "ውጭው ሁሉ ተጣርቷል። አሁን ክፍሉን እንይ። ብልጭታው በታየ ሰዓት እዚህ ማን ነበር?"

"እርስዎ፣ እኔ፣ ሀና፣ ፈሀድ።"

"እኛ ሁሌም እዚሁ ነን፤ እኛ አይደለንም። አዲስ የገባ?"

"ማንም።"

"ማንም አልገባም?"

"ማንም አልገባም ዶክተር።"

ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ማንም አልገባም። ከዚያ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ብርጭቆውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። መስመሩ ጣሪያ እየነካ።

አሥራ አንድ ዓመት! ይህ ሰው ለከዋክብት ስም ያወጣል።

ሀና ግን አየችኝ። ያበጠ አንገቴን። ሻርፔን ወደ ላይ ሳብኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ቸኩያለሁ። ማዳም ትጣራለች። አዙዝ ትኩሳት። ጥርሱ ነው፤ የቀዘቀዘ ቲማቲም በጨርቅ ጠቅልዬ አስነክሰው ነበር፣ እሷ አታውቅም። በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። "ራስሽ ለምን አታደርጊውም?" ጮኸችብኝ። "ወገብሽ ሳይሆን ልብሽ ነው የተሰበረው፣ ልጅ የማትወጂ!" አለችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ለቀቅኩ፣ ረጅም።

የኢቃማዬን ነገር ዶክተሩን ጠየቅሁት። "ኢንሻአላህ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ።" ማክሰኞ ሳጥኑን ሊያዩ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ለደመናው ጋማ ሊያጨበጭቡለት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ከዙህር ሶላት በኋላ ቤቱ ሲተኛ ሀና ብቻዋን ወጥ ቤት መጣች። በእጇ ትንሽ ስልክ የምታክል የጨረር መለኪያ ይዛለች። በሩን ስታልፍ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ወደ እኔ ስትቀርብ ዝናብ ሆነ።

ቁጭ አለች። "ኻላ፣ የብልጭታውን ቁመት በየቀኑ ጻፍኩት። በየሳምንቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ደመና እንዲህ አይቀንስም። አዮዲን ነው፣ የእጢ መድኃኒት። እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ወስዳለች፤ ትንሹ ወንድሜን ሦስት ሳምንት አላቀፈችውም።"

"ምን እያልሽ እንደሆነ አልገባኝም።"

"ገብቶሻል።"

እጄ ላይ ያለው ጓንት ውሃ ያንጠባጥባል። ያ ነገር ጠቅ ጠቅ ይላል። "አጥፊልኝ ይሄን" አልኳት። አጠፋችው።

"ዶክተሩ ለዓለም ጽፏል ኻላ። ማክሰኞ እንግዶች ፊት ይቆማል። ዝም ማለት አልችልም።"

"እኔንስ ኤርፖርት ማቆም ትችያለሽ?"

ማልቀስ ጀመረች። አይ የሀብታም ልጅ! እኔ ልባረር፣ እሷ ታለቅሳለች። መሀረብ ሰጥቻት፣ ወዲያው ደግሞ አትንኪው ብዬ ነጥቄ ከካርቶኑ ንጹህ አወጣሁላት። "እስከ ነገ ስጪኝ" አልኳት። "በእኔ አፍ ይነገር። አንቺ ከነገርሽው ሌባ እመስላለሁ።"

ለፍቅርተ ደወልኩ። "ጥፊ፣ መንሱራ እኔ ጋ ነይ" አለች። ጠፍቼ ምን ልሆን? ወረቀት የሌለኝ፣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ግድግዳ የምልስ? ለጀሚላም ደወልኩ። ስለ ፈተናዋ አወራችኝ። "እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?" አለች። አዲስ አየር ማቀዝቀዣ ነው አልኩ። የነርስ ተማሪ ሆና እናቷን በስልክ መመርመር ይዛለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ወጣሁ። ትሪ አልያዝኩም። ባዶ እጄን ስገባ ነው መሰለኝ ተማሪዎቹ ቀና ያሉት።

"ዶክተር፣ ብልጭታው እኔ ነኝ።"

"ሻዩን እዚያ አስቀምጪው" አለኝ።

ሻይ የለም! ሀና አፏን ያዘች። ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። መስመሩ ተነሳ። ወጥቼ ደረጃውን ወረድኩ። "ጠፋ" አለ ፈሀድ። ተመልሼ ገባሁ። ተነሳ። ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ገባሁ፣ ልቤ እየደበደበ። ከዚያ ሻርፔን ፈትቼ አንገቴን አሳየሁት፣ የሆስፒታሉን ወረቀትም።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ወይም ያፍራል። ፊቱ ነጣ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ሰሌዳውን አየ። "ማስታወቂያው" አለ ለራሱ። ሀና ቀስ ብላ "ዛሬውኑ እርማት እንልካለን" አለችው። ከዚያ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ወደቀና ፊቱ በራ።

"ወደ ግራ ሂጂ።"

"እ?"

"ወደ ግራ! እዚያ፣ መስኮቱ ጋ። ሀና፣ አቅጣጫውን አንብቢ!"

ሄድኩ። ሀና ቁጥር አነበበች። "ወደ ጥጉ!" ሄድኩ። "ቁጭ በይ!" ቁጭ አልኩ። ሳጥኑ የቆምኩበትን ሁሉ ያውቃል። ወለሉ ላይ ቴፕ ለጠፉ፣ እኔን ከቴፕ ወደ ቴፕ አዟዟሩኝ። አንድ ሰዓት! "ይሠራል! አቅጣጫው ልክ ነው! ማክሰኞ የምናሳየው ይሄንን ነው!" ይላል ሰውየው። አላህ ያሽርሽ አላለም። ታመሽ ነበር ወይ አላለም። የምፈራው ቁጣውን ነበር፤ ቁጣ እንኳን ሰው ላይ ነው የሚወርደው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ማዳም ሰማች። መጀመሪያ ጮኸች፣ ልጄን ገደልሽው ብላ። ሀና ከሥር ከሥር ታስረዳታለች። ማዳም ድንገት ቆመች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያላቀፍሽው?"

"መድኃኒቱን ከወሰድኩ።"

"አንድ ቀንም?"

"አንድ ቀንም። በበሩ ነው የማየው።"

ቁጭ አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። ደግ ነገር ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ እኔ ሞኟ። "መዋሸትሽ ግን..." ብላ ተነሳች።

ሙሀባው ማታ ከመኪና ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ከፊት ሆኖ ሰምቷቸዋል። ማዳም "ኸሩጅ ምታላት" አለች፤ ዶክተሩ "እሺ፣ ግን ማክሰኞ ታስፈልገኛለች፤ ረቡዕ እመታለሁ" አለ።

"እትዬ፣ ረቡዕ ከነገ ወዲያ ነው" አለኝ ሙሀባው፣ እኔ ቀን የማላውቅ ይመስል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

እንግዶቹ ስድስት ናቸው። እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ተቀምጠው ቴምር በልተው ወደ ጣሪያው ወጡ። እኔ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጓንቴን አወለቅሁ። ጥሩ ልብሴን ለብሻለሁ።

ፈሀድ ሮጦ መጣ። "ሰዓዲያ፣ ይጠሩሻል።"

"ወገቤን አሞኛል።"

ሀና መጣች። አየችኝና ከንፈሯን ነክሳ ተመለሰች። ከዚያ ራሱ መጣ፣ ነጭ ጀለቢያውን እየሰበሰበ። በአሥራ አንድ ዓመት ወጥ ቤት ሲገባ ሁለተኛ ጊዜው ነው፤ የመጀመሪያው እሳት የተነሳ ጊዜ ነው።

"ሰዓዲያ፣ እየጠበቁ ነው። ያላ!"

"ዶክተር፣ ኢቃማዬ ሳይታደስ ደረጃ አልወጣም።"

"ከእንግዶቹ በኋላ፣ ኢንሻ..."

"አሁን። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው። ረቡዕ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ።" አንተ አልኩት። ከአፌ ነው የወጣው፤ መመለስ አልፈለግሁም።

"ሳጥኑን ለመፈተን ሌላ ምንጭ ከመሥሪያ ቤት ማምጣት እችላለሁ!"

"አምጣ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ከላይ የሰው ሳቅና የወንበር ድምፅ ይሰማል። ማዳም አዙዝን ታቅፋ በር ላይ መጥታ ቆማለች፤ ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም። ልጁ እጁን ዘረጋልኝ። አልተነሳሁም። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ ወደ ግድግዳው፣ እንዲርቀኝ። ማዳም ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች።

"ሙሳዒድ" አለች፣ "አድስላት።"

ስልኩን አወጣ። ጣቱን አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ ነካ ነካ አደረገ። አለቀ። ሁለት ወር የለመንኩት ነገር ሻይ እስኪፈላ አልፈጀም። ስልኬ ጮኸች። የሚያበቃበትን ቀን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ዓመት ሙሉ። የከፈለበትን ደግሞ አያባክንም፤ እሱን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ተነሳሁ። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ልቤ ዛሬ በጣም አልሮጠም። እንግዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል። መሀል ቴፑ ላይ ቆምኩ። መስመሩ ተነሳ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን አይደለም፣ ግን ተነሳ። አጨበጨቡ። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን እያስተካከለ ዶክተሩን፣

"ምንጩ አረብኛ ይሰማል?" አለው።

"ይሰማል" አልኩ። "ምንጩን ወደ ግራ ከፈለጋችሁት እባክሽ በሉት።"

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ "እባክሽ" አለ። ሌላውም አለ። ዶክተሩ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤ አልወጣለትም። ጠበቅሁት። ስድስት እንግዳ ቆሞ ጠበቅሁት። ኋላ ሀና ከኮምፒውተሩ ጀርባ "እባክሽ ኻላ" ስትል ነው ወደ ግራ የሄድኩት።